ክላርኔት ብቻዋን ስትናገር፦ ስለ ሶሎ ዝግጅትና ከመሪ ጋር ስለ መሥራት

ከዚህ በታች የምታነቡት በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ከአባሎቻችን አንዷ ያቀረቡት ንግግር ነው። በዕለቱ መገኘት ላልቻላችሁ አባላትና ደጋፊዎች ይደርሳችሁ ዘንድ እዚህ አትመነዋል።



ኮሚቴው ንግግር እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ ርዕሱንም አብሮ ሰጥቶኛል። ባለፈው ስብሰባችን ለሴቶች ልጆቻችን የሙዚቃ መሣሪያ መከራያ የምናወጣው ገንዘብ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚል ጥያቄ ተነሥቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ጥያቄውን ያነሣችው እህታችን የተናገረችው በቅንነት ነው። የቤት ኪራይ የከበዳት፣ የመኖሪያ ፈቃድ የምትጠብቅ፣ ለቋንቋ ትምህርት የምትከፍለው ያጣች አባል እያለች ለክላርኔትና ለቫዮሊን ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው ወይ? አለች። ዛሬ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት፣ ክላርኔት የምትጫወት ሴት ሥራዋ ምን እንደሆነ እንዳስረዳችሁ ተጠየቅሁ።

ሙያዬ ነርስነት ነው። ክላርኔት የምጫወተው በሳምንት አንድ ምሽት፣ በምንኖርባት በዚህች የጀርመን ከተማ ባለ የአማተር ኦርኬስትራ ውስጥ ነው። ወንበሬ የሁለተኛ ክላርኔት ወንበር ነው። ሶሎው የሚደርሰው ለመጀመሪያዋ ነው፤ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ አያለሁ፣ እሰማለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ ስለ ራሴ ጉብዝና አይደለም። እንዲያውም ለዚህ ርዕስ ከጎን ያለው ወንበር ይሻላል፤ ተመልካቹ የማያየውን ሁሉ ያሳያልና።

ሶሎ ማለት ምንድን ነው?

ትልቅ ኦርኬስትራ ከሰማንያ እስከ መቶ ሰው ይቀመጥበታል። ቫዮሊን የሚጫወቱት ብቻ ሠላሳ ሊደርሱ ይችላሉ። አንደኛ ቫዮሊን የሚባሉት ሁሉ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ኖታ ስለሚጫወቱ፣ አንዷ ብትደናቀፍ የቀሩት ይሸፍኗታል። የክላርኔት ነገር እንዲህ አይደለም። ተጫዋቾቹ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ኖታ አላቸው። የመጀመሪያዋ ክላርኔት ዜማውን ይዛ ስትወጣ ሌላው ሁሉ ወደ ኋላ ይላል። በእኛ ዘፈን አውራጅዋ ስታወርድ ተቀባዮቹ ዝም ብለው እንደሚጠብቋት ማለት ነው። ያቺ ሴት ብታመነታ የሚሸፍናት የለም።

መሣሪያው ራሱ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ጥሩ ክላርኔት የሚሠራው ከጥቁርና ከባድ የአፍሪካ እንጨት ነው። ዛፉ በብዛት የሚመጣው ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ሲሆን በአገራችንም ደረቅ ቆላዎች ይበቅላል። አፍ ላይ የሚታሰረውና ትንፋሽ ሲነካው እየተርገበገበ ድምፅ የሚፈጥረው ስስ ቁራጭ ደግሞ ሸምበቆ ነው፤ በየወንዛችን ዳር የምናውቀው ሸምበቆ። ለዚህ ሥራ የታወቀው ሸምበቆ የሚለማው በደቡብ ፈረንሳይ ነው። ሰው ክላርኔትን የሠራው በ1700 ገደማ፣ እዚሁ ጀርመን፣ ኑረምበርግ ከተማ ውስጥ ነው።

ከልምምዱ በፊት የሚደረግ ልምምድ

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከሸምበቆው ነው። ሸምበቆው በሣጥን አሥር አሥር ሆኖ ይሸጣል፤ ከአሥሩ ለመድረክ የሚበቁት ሦስት ወይም አራት ቢሆኑ ነው። አዲሱን ገዝቶ ወዲያው ረጅም ሰዓት መጫወት ያበላሸዋል። በመጀመሪያው ቀን አርጥቦ ጥቂት ደቂቃ፣ በማግሥቱ ትንሽ ጨምሮ፣ እንዲህ እያለ ይለማመዳል። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሳይሟሽ እንጀራ ቢጋገርበት ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ከጎኔ የምትቀመጠው ሴት ኮንሰርት ከመድረሱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ ሸምበቆዎቿን ቁጥር ጽፋባቸው ትለያለች፦ ይህ ለልምምድ፣ ይህ ለኮንሰርቱ ቀን፣ ይህ አየሩ ድንገት ቢደርቅ ለመጠባበቂያ።

ቀጥሎ የሚመጣው ንባብ ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች የሚሰጠው ወረቀት የራሱን ኖታ ብቻ ያሳያል። የሁሉም ሰው ኖታ ተደራርቦ የተጻፈበትን ትልቁን መጽሐፍ የሚይዘው መሪው ነው። ጎበዝ ክላርኔት ተጫዋች ግን ይህን መጽሐፍ ፈልጋ ታነባለች። ዜማዋን ከማን ነው የምትቀበለው? ስትጨርስ ለማን ነው የምታስረክበው? እሷ ረጅም ድምፅ ስትይዝ ከሥሯ የሚንቀሳቀሰው ማነው? የሹበርት "ያላለቀው" የሚባለው ሲምፎኒ ሁለተኛው ክፍል ላይ ክላርኔት ረጅምና ለስላሳ ዜማ ትጫወትና ለኦቦ ታስረክባለች። ከሥር ያሉት ባለ አውታር መሣሪያዎች የሚመቱት ከምቱ ላይ ሳይሆን በምቶቹ መካከል ነው። ይህን ሳታውቅ የገባች ተጫዋች እግሯ የሚረግጥበት መሬት ያጣች ይመስላታል። አስቀድማ ያነበበች ግን ጆሮዋን የት እንደምትጥል ታውቃለች።

ከዚያ ትንፋሽ አለ። ራክማኒኖፍ ሁለተኛ ሲምፎኒውን በ1908 ለሕዝብ ሲያቀርብ መሪው ራሱ ነበር። የሦስተኛው ክፍል መጀመሪያ ላይ ለክላርኔት የጻፈው ሶሎ ወደ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ሁለት ደቂቃ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ዜማው መቋጫ ሳይሰጥ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሳበ ይሄዳል። የት ይተነፈሳል? እንደ ንግግር ነው። ዐረፍተ ነገርን በማይሆን ቦታ ብትቆርጡት ትርጉሙ ይጠፋል፣ ነጠላ ሰረዝ ካለበት ብትቆርጡት ግን ሰሚው ልብ አይለውም። ተጫዋቿ እነዚያን የነጠላ ሰረዝ ቦታዎች ፈልጋ በእርሳስ ምልክት ታደርጋለች።

አሁን የምናገረውን ልብ በሉልኝ፤ የንግግሬ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ተጫዋች የምታዘጋጀው አንድ ዓይነት አተነፋፈስ ብቻ አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት ታዘጋጃለች። መሪው ቀስ ብሎ የሚሄድ ከሆነ አንድ፣ ፈጠን የሚል ከሆነ ሌላ፣ በዕለቱ ጉንፋን ቢይዛት ደግሞ ሦስተኛ። ዜማውን ከምትፈልገው በላይ ቀስ አድርጋ ትለማመደዋለች፣ ከምትፈልገው በላይም አፍጥና ትለማመደዋለች። የራሷ ምርጫ አላት፤ ሌላው ሰው ሌላ መርጦ ቢመጣ ግን ባዶ እጇን አትገኝም። አንድ መልስ ብቻ የሸመደደ ሰው ጥያቄው ትንሽ ሲለወጥበት ይጨነቃል። ሥራ ፍለጋ ቃለ መጠይቅ የገባችሁ፣ የመሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ቆማችሁ የተከራከራችሁ ይህን በሚገባ ታውቁታላችሁ።

ዝምታን መቁጠር

ስለ ሶሎ ስናወራ የሚረሳው ከእሱ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ክላርኔት አንዳንድ ጊዜ ስልሳ ሰማንያ ባር ዝም ትላለች። ወረቀቱ ላይ የሚታየው አንድ መስመርና ቁጥር ብቻ ነው። ያን ጊዜ ተጫዋቿ ትቆጥራለች፦ አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ ሁለት ሁለት ሦስት አራት፣ ሦስት ሁለት ሦስት አራት። እኔም ከጎን እቆጥራለሁ። አንዳንድ ጊዜ ቁጥራችን መግጠሙን ለማረጋገጥ በጣት ምልክት እንለዋወጣለን። መሪው ብዙ ጊዜ ልትገቢ ነው ብሎ በዓይኑ ይነግራታል፤ ግን በእሱ ላይ አትተማመንም። እሱ ሰማንያ ሰው ይመራል፤ የእሷ ቦታ የእሷ ኃላፊነት ነው።

ዝም ባለችበት ጊዜም እጇ ሥራ አይፈታም። በኦርኬስትራ ውስጥ ክላርኔት ተጫዋች ሁለት መሣሪያ ትይዛለች፤ አንዱ ከሌላው ጥቂት ይረዝማል፣ ድምፁም ጥቂት ይወርዳል። ሳትነካው የቆየው መሣሪያ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ መሣሪያ ደግሞ ከሌሎቹ ድምፅ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ድምፅ ሳታወጣ ሞቅ ያለ ትንፋሿን እየነፋች ታሟሸዋለች። ቅዝቃዜ ምን ያህል ከባድ ጠላት እንደሆነ ዓለም ሁሉ ያየበት ቀን አለ። በጥር 2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ አራት ታላላቅ ሙዚቀኞች ከደጅ ተቀምጠው ተጫወቱ። ብርዱ መሣሪያዎቹን ከቃና ስለሚያወጣቸው ሕዝቡ የሰማው ከሁለት ቀን በፊት የተቀዳውን ነበር። ከአራቱ መካከል ክላርኔቱን የያዘው አንቶኒ ማጊል በ2014 የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ የመጀመሪያ ክላርኔት ሆነ። በዚያ ኦርኬስትራ ታሪክ እንዲህ ያለ የክፍል መሪ ወንበር የያዘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ እሱ ነው።

ድምፅ የሌለው ሰውና ድምፅ ያላት ሴት

ወደ መሪው ልምጣ። መሪው ከፍ ባለ ቦታ ቆሞ ቀጭን በትር ይይዛል። ፍጥነቱን፣ ድምፁ ከፍ ይበል ዝቅ የሚለውን፣ ማን ከማን በላይ ይሰማ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ከእሱ ግን አንድም የሙዚቃ ድምፅ አይወጣም። ሥልጣን አለው፣ ድምፅ የለውም። ክላርኔት ተጫዋቿ ድምፅ አላት፣ ሥልጣን የላትም። ሙዚቃው የሚወጣው ሁለቱ ሲስማሙ ብቻ ነው።

በባለሙያ ኦርኬስትራዎች ለአንድ ኮንሰርት የሚሰጠው ልምምድ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ነው። ያ ጊዜ ኖታ መማሪያ አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ተጫዋቿ "እንዴት ልጫወተው?" ብላ አትጠይቅም። የራሷን ሐሳብ በሙሉ ልብ ትጫወታለች። ይህ ድፍረት ሊመስል ይችላል፤ ለመሪው ግን ከዚህ የበለጠ እርዳታ የለም። ግማሽ ልብ ሆና ብትጫወት መሪው ምን እንደሚያርም አያውቅም። ሙሉ ሐሳብ ሲሰማ ግን ወይ ይወደዋል፣ ወይ "ትንሽ ወደፊት እንሂድ"፣ "እዚህ ጋ ይበልጥ በቀስታ" ይላል።

እርማት ሲመጣ ወዲያው ትሞክረዋለች፤ ለይስሙላ ሳይሆን ከልቧ። ብዙ ጊዜ የመሪው ሐሳብ ትክክል ሆኖ ይገኛል። እሱ ከፊት ቆሞ የሚሰማውን እኛ ከመካከል ተቀምጠን አንሰማውም። የማይሆን ከሆነ ደግሞ በሰማንያ ሰው ፊት ክርክር አትከፍትም። በእረፍት ሰዓት እርሳሷንና ወረቀቷን ይዛ ወደ እሱ ትሄዳለች። እኔ ከጎን ሆኜ የሰማሁት ንግግር ይህን ይመስላል፦ "በዚህ ፍጥነት ይህን ሐረግ በአንድ ትንፋሽ መጨረስ አይቻልም። እዚህ ቦታ ብተነፍስ ዜማው አይቆረጥም፤ ወይም ደግሞ ከዚህ ጀምሮ ጥቂት ቢፈጥንልኝ በአንድ ትንፋሽ እወስደዋለሁ። የትኛውን ይመርጣሉ?" እንዴት እንዳለችው አያችሁ? "ከብዶኛል" አላለችም። "ልክ አይደሉም" አላለችም። ችግሩን በስሙ ጠራችው፣ ሁለት መውጫ አቀረበች፣ ምርጫውን ለባለ ሥልጣኑ ሰጠች። ሁለቱን መውጫዎች ያገኘቻቸው ግን በዚያች ደቂቃ አይደለም። ከወር በፊት ቤቷ ቁጭ ብላ ስትለማመድ ነው።

ኮንሰርቱ ላይ ሶሎው ሲደርስ ጥሩ መሪ እጁን ያሳንሳል። ባለ አውታሮቹን ዝቅ አድርጎ ይይዝላታል፤ እሷ ስትተነፍስ አብሮ ይተነፍሳል። ማን ማንን እየተከተለ እንደሆነ ከጎን ሆኜ እንኳ መለየት ያቅተኛል። ኮንሰርቱ ሲያልቅ ደግሞ በእጁ እያመለከተ ብቻዋን ያስነሣታል፤ ጭብጨባው የእሷ ይሆናል።

ሐሳብ ከታች ወደ ላይ እንደሚሄድ የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ ልንገራችሁ። የጌርሽዊን "ራፕሶዲ ኢን ብሉ" ሲጀምር ክላርኔት ከታች ተነሥታ እንደ ሳቅም እንደ ለቅሶም ሆና ወደ ላይ ትንሸራተታለች። ደራሲው እንዲህ አድርጎ አልጻፈውም ነበር። የጻፈው እያንዳንዱ ድምፅ ተለይቶ የሚሰማበት ፈጣን መሰላል ነው። በ1924 ለመጀመሪያው ኮንሰርት ሲዘጋጁ ክላርኔት ተጫዋቹ ሮስ ጎርማን በልምምድ ላይ ለቀልድ ብሎ አንሸራተተው። ጌርሽዊን ሰምቶ ወደደው፣ እንደዚሁ ይሁን አለ። ዛሬ በየትኛውም አገር ይህ ሥራ ሲቀርብ ሰው የሚጠብቀው ያን መንሸራተት ነው። ልብ በሉ፤ ጎርማን የተጻፈውን መጫወት አቅቶት አይደለም። መሣሪያውን አሳምሮ ስለሚያውቅ ቀልዱ እንኳ ሐሳብ ሆነ።

አንዳንዴም ስምምነቱ አንድን ነገር ለሌላ መስጠት ይሆናል። የቻይኮቭስኪ ስድስተኛ ሲምፎኒ፣ የ1893 ሥራው፣ የመጀመሪያው ክፍል መካከል ላይ ክላርኔት ዜማውን እያሳሳች እያሳሳች ልትጠፋ ትደርሳለች። የቀሩት ጥቂት ድምፆች የተጻፉት ባሱን ለሚባለው መሣሪያ ነው። በኖታ ጽሑፍ "ፒ" የሚለው ፊደል "በቀስታ" ማለት ነው፤ ሁለት ፒ "በጣም በቀስታ" ነው። እዚህ ቦታ ቻይኮቭስኪ ስድስት ፒ ጻፈ! ባሱን ያን ያህል በዝቅታ መጫወት ስለሚከብዳት ብዙ መሪዎች ቦታውን ለባስ ክላርኔት ይሰጡታል። ሌሎች ደግሞ ደራሲው እንደጻፈው ይቅር ይላሉ። መሪው ይወስናል፤ ከመወሰኑ በፊት ግን የሚችለውንና የማይችለውን በሐቅ የሚነግረው ተጫዋች ያስፈልገዋል።

የመሪ ፍቅር ብቻውን አይበቃም

እስካሁን የነገርኳችሁ ነገር ሲሠራ ምን እንደሚመስል ነው። አሁን ስላልሠራበት ጊዜ ልናገር፤ የሆነውም በዚሁ አገር፣ በርሊን ነው።

የበርሊን ፊልሃርሞኒክ የተመሠረተው በ1882 ነው። አባላቱ ራሳቸውን በራሳቸው ያስተዳድራሉ፤ አዲስ ሰው የሚቀበሉት ድምፅ ሰጥተው ነው። ለመቶ ዓመት ያህል ቋሚ አባል የሆነች ሴት አልነበረችም። የመጀመሪያዋ ማድሌን ካሩትሶ የምትባል ቫዮሊን ተጫዋች ናት፤ የገባችውም በ1982 ነው። በዚያው ጊዜ መሪው ሄርበርት ፎን ካራያን፣ በዓለም ላይ ከነበሩት መሪዎች ሁሉ ኃያሉ ማለት ይቻላል፣ ዛቢኔ ማየር የተባለች ወጣት ክላርኔት ተጫዋች እንድትቀጠር ፈለገ። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። አባላቱ ድምፅ ሲሰጡ 73 ተቃወሙ፣ 4 ብቻ ደገፉ። ምክንያታቸው ድምፅዋ ከእኛ ድምፅ ጋር አይዋሐድም የሚል ነበር። ያኔም ከዚያም በኋላ ብዙ ሰው እውነተኛው ምክንያት ሴትነቷ ነው አለ።

ካራያን ተቆጣ። ከውል ግዴታው በላይ የሆነውን ጉዞና ቀረጻ ሁሉ አቆማለሁ አለ። አስተዳደሩም በ1983 ለአንድ ዓመት የሙከራ ጊዜ ቀጠራት። ዛቢኔ ማየር እንግዲህ መሪው ከሚወዳት፣ ባልደረቦቿ ግን ካልፈለጓት ቦታ ተቀምጣ ያን ዓመት ተጫወተች። ሶሎ ስትጫወት ከሥሯ የሚይዟት፣ ዜማ የምትቀበላቸውና የምታስረክባቸው እነዚያው የተቃወሟት ሰዎች ነበሩ። የሙከራ ጊዜዋ ሲያልቅ፣ በ1984፣ ሌላ ድምፅ እስኪሰጥባት ሳትጠብቅ ራሷ ወጣች። በካራያንና በኦርኬስትራው መካከል የተፈጠረው ቁስልም እስከ መጨረሻው በደንብ አልዳነም።

ከዚያስ? ዛቢኔ ማየር ከወጣች በኋላ ባለ ሶሎ ሆና በዓለም ታላላቅ አዳራሾች ተጫወተች። ከወንድሟና ከባለቤቷ ጋር በሦስት ክላርኔት ቡድን ተጫወተች፤ በሉቤክ የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት አስተማረች። የመሪው ድጋፍ በሩን አስከፍቶላት ነበር፤ ግን ያው ድጋፍ መጣያም ሆነባት፤ ሰዎቹ እሷን ሲያዩ የሚያዩት የካራያንን ክንድ ነበር። ሁሉም ነገር ሲፈርስ አብሯት የወጣው ገና ከልጅነቷ ጀምራ በእጇና በትንፋሿ ያስገባችው ሙያ ነው። እሱን ማንም በድምፅ ብልጫ ሊወስድባት አልቻለም።

እህቶቼ፣ ይህ ታሪክ ለእኛም ሁለት ነገር ይላል። አንደኛው ለልጆቻችን ነው፦ የትልቅ ሰው ፍቅር ጥሩ ነው፣ ግን አይወረስም፤ ዝግጅት ግን የራስ ነው። ሁለተኛው ለማኅበራችን ነው። እኛም ራሳችንን በራሳችን የምናስተዳድር፣ እጅ አውጥተን የምንወስን ማኅበር ነን፤ በዚህም እንኮራለን። የበርሊኖቹም በዚያው ይኮሩ ነበር። አብረው የሚወስኑ ሰዎች በርን አብረው ሊዘጉም ይችላሉ። በአሜሪካ ኦርኬስትራዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ በመግቢያ ፈተና ላይ መጋረጃ መጋረድ እየተለመደ መጣ። ተፈታኟ ከመጋረጃው ጀርባ ትጫወታለች፤ የጫማዋ ድምፅ ሴት መሆኗን እንዳያሳብቅ ወለሉ ላይ ምንጣፍ የሚነጠፍበትም ጊዜ አለ። ዳኞቹ ዓይናቸውን አጥፍተው ጆሯቸውን ብቻ ማመን ነበረባቸው። እኛም አንዲት አባል ሐሳብ ስታቀርብ የማን ወዳጅ ናት፣ ከየትኛው አገር ቤት ናት፣ መቼ መጣች ከማለታችን በፊት የተናገረችውን ብንሰማ ምን ይጎዳናል?

ወደ ጥያቄው ስንመለስ

ገንዘቡ ይቀጥል ወይስ ይቁም? እኔ እንዲቀጥል እደግፋለሁ፤ ምክንያቴንም በግልጽ ልንገራችሁ። ልጆቻችን ሁሉ ሙዚቀኛ ይሆናሉ ብዬ አልዋሻችሁም። አብዛኞቹ አይሆኑም፤ እኔም ነርስ ነኝ። የምንከራይላቸው ግን እንጨቱን ብቻ አይደለም። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሸምበቆዋን ቀስ ብላ ስታሟሽ ትዕግሥት ትማራለች። ስልሳ ባር ስትቆጥር ተራዋን መጠበቅ ትማራለች። ተራዋ ሲደርስ ደግሞ ሰው እስኪገፋት ሳትጠብቅ መጀመር ትማራለች። ከሁሉም በላይ ሥልጣን ካለው ሰው ፊት ቆማ "ይህ በዚህ ምክንያት አይሆንም፤ ሁለት መንገድ ይዤ መጥቻለሁ" ማለት ትማራለች። ይህን ንግግር ከእናቶቻችን መካከል ስንቶቹ ለመናገር ሲፈልጉ ሳይናገሩት ቀሩ? ስንቶቻችን በዚህ አገር መሥሪያ ቤቶች መስኮት ላይ "እሺ" ብለን፣ ቤት ገብተን አለቀስን?

ይሁን እንጂ የእህታችን ስጋት ቀልድ አይደለም፤ ኪራይ ያልከፈለች ቤተሰብ ልጇ ክላርኔት ብትነፋላት አትጠግብም። ስለዚህ እኔም እንደዚያች የመጀመሪያ ክላርኔት ሁለት መውጫ ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው፦ የአስቸኳይ እርዳታው ገንዘብ እንዳይነካ የመሣሪያ ኪራዩ በተለየ መዝገብ ይያዝና ከዚሁ ዓላማ ጋር ለሚስማሙ ደጋፊዎች ይቅረብ። ሁለተኛው፦ መሣሪያዎቹን በየወሩ ከመከራየት ያገለገሉ ገዝተን የማኅበሩ ንብረት እናድርጋቸው፤ አንዷ ልጅ ስትጨርስ ለቀጣይዋ ታስረክብ፣ ክላርኔት ዜማዋን ለኦቦ እንደምታስረክበው። ቤቱ የትኛውን ይመርጣል?

ከጎኔ የምትቀመጠው ሴት በሚቀጥለው ኮንሰርታችን ሶሎ አላት። ሸምበቆዎቿን ቁጥር መጻፍ ጀምራለች። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን በኩል ተቀመጡ፤ ከዚያ ሆናችሁ ትንፋሿን ስትወስድ ታያላችሁ።